ስንት ብር እጃቸው ይገባል?

ይህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ ለተሰበሰቡ ወገኖች ገንዘብ ወደ አገር ቤት ስለ መላክ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልመጡ ሰዎች «ጻፊልን» ስላሉኝ እንዳወራሁት አድርጌ ጻፍኩት። ከአዳራሹ የተነሱ ጥያቄዎችንም ጨምሬያለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ደክማችሁ መጥታችሁ፣ ያውም ቅዳሜ ማታ፣ ስለ ምንዛሬ ለመስማት መቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ስድስት ዓመት ገንዘብ በሚላክበት ሱቅ ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜያለሁ። ስም እጽፋለሁ፣ ዶላር እቆጥራለሁ፣ ደረሰኝ አትሜ እሰጣለሁ። ዛሬ ሥራዬ ሌላ ነው። ግን እዚያ ቆሜ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ መስኮቱ የቀረበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» አምስት ዶላር ስለው ፊቱ ይቋጠራል። «ዛሬ ነፃ ነው» ስለው ደግሞ ይፈታል፤ አመስግኖኝ፣ መርቆኝ ይሄዳል። እኔ ግን ነፃ በተባለበት ቀን ምንዛሬው ዝቅ ማለቱን ስክሪኑ ላይ አየዋለሁ። አልዋሸሁትም፣ ደረሰኙ ላይም ተጽፏል። እሱ ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

አንዲት እናት ነበሩ። በየወሩ የመጀመሪያው ዓርብ ይመጣሉ። 200 ዶላር፣ አሥር ቅጠል ሃያ ሃያ ዶላር፣ በነጭ ፖስታ። ደሴ ላሉ ታናሽ እህታቸው ነው። አንድ ዓርብ ፖስታውን ሳያወጡ ሁለት ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። አንዱ የእኛ፣ አንዱ ጎረቤታቸው ከሌላ ቦታ የላኩበት። እህትየው በስልክ «ለእሷም 200 ነው የተላከላት፣ ለምን የእኔ ያንሳል?» ብለዋቸው ነው። መነፅራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን መጀመሪያ በኛው ምንዛሬ ላይ ከዚያ በሌላው ላይ አሳረፉና ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ አንቺ ይሄን ታውቂ ነበር?»

አውቅ ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። እንዲቀለን 1 ዶላር 150 ብር ነው እንበል፤ የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለምሳሌ የያዝኩት ቁጥር ነው። 200 ዶላር በዚህ ዋጋ ምንም ሳይነካ ቢመነዘር 30,000 ብር ይሆናል። አንደኛው ላኪ ድርጅት «ኮሚሽን የለም» ይላችኋል፣ ምንዛሬው ግን 143 ነው። 28,600 ብር ይደርሳል። ሁለተኛው 4 ዶላር ይቆርጣል፤ በቀረው 196 ዶላር ላይ 149 ይሰጣችኋል። ይህ 29,204 ብር ነው። ነፃ ያለው 604 ብር አጉድሏል ማለት ነው። በየወሩ ለምትልኩ በዓመት 7,248 ብር ይሆናል። ይሄ ብር የጠፋው ኮሚሽን ላይ አይደለም፤ ኮሚሽኑማ ዜሮ ነበር። ምንዛሬው ውስጥ ነው የቀረው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀይሩልኝ። «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» መባሉ ይቅር። «እኔ ከኪሴ 200 ዶላር ባወጣ እህቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» በሉ። ኮሚሽንም፣ ምንዛሬም፣ ግብርም፣ ሌላ ቆረጣም ካለ ሁሉም እዚያ አንድ ቁጥር ውስጥ ገብቷል። የትኛው ይረክሳል ብላችሁ ራሳችሁን ማድከም አያስፈልግም፤ ብዙ ብር የሚያደርሰው ነው የሚረክሰው።

ደግሞ ይሄ የኔ ብልሃት አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ራሱ ነው ቁጥሩን አውጡ ያለው። በፈረንጆች ከ2013 ኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ወደ ውጭ ገንዘብ የሚልክ ድርጅት ከመክፈላችሁ በፊት ምንዛሬውን፣ ኮሚሽኑን፣ ተቀባዩ የሚያገኘውን ጠቅላላ መጠን ሊያሳያችሁ ይገባል። ደረሰኙ ላይ ታች አካባቢ «ለተቀባዩ ጠቅላላ» የሚለው መስመር እሱ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ መስመር ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ያየሁት ሰው በጣት ይቆጠራል። ያው ሕግ ሌላም መብት ሰጥቷችኋል። ከከፈላችሁ በኋላ 30 ደቂቃ አላችሁ፤ ገንዘቡ እዚያ ካልተነሳ ወይም ሂሳብ ውስጥ ካልገባ መሰረዝ ትችላላችሁ፣ የከፈላችሁትም ኮሚሽኑ ሳይቀር ይመለሳል። ስህተት ከተፈጠረ ደግሞ፣ ለምሳሌ ከተባለው ያነሰ ብር ከደረሰ ወይም ጭራሽ ካልደረሰ፣ ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ደረሰኝ አትጣሉ የምለው። ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡት።

አሁን «ትክክለኛው ምንዛሬ የቱ ነው?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባንክ ዶላር የሚገዛበት ዋጋ አለ፣ የሚሸጥበትም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ዋጋ መለኪያችሁ ነው፤ ጉግል ላይ «ዶላር ወደ ብር» ብላችሁ ስትጽፉ የሚወጣው እሱን ይመስላል። ብሔራዊ ባንክም በየቀኑ አመላካች ዋጋ ያወጣል፣ ባንኮቹም ጠዋት ጠዋት የየራሳቸውን ይለጥፋሉ። አሁን ከባንክ ባንክ ይለያያል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ የትም ብትሄዱ ያው ነው። በዚያን ዕለት ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። በመጀመሪያው ቀን ከ70 በላይ ወጣ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያኔ ነው ማወዳደር ትርጉም ያገኘው። ዋጋው የትም አንድ ሲሆን ማወዳደር ለምን ያስፈልጋል? አሁን ግን ጠዋትና ከሰዓት እንኳ ሊለያይ ስለሚችል ሁለት ላኪ የምታወዳድሩት በአንድ ሰዓት ውስጥ መሆን አለበት። የትናንቱን ካንዱ የዛሬውን ከሌላው ይዛችሁ አታወዳድሩ።

ስለ ጥቁር ገበያው ዝም ብዬ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 እየተባለ ውጭ ዕጥፍ ሲሰጥ ሰው ወደ ብላክ መሄዱን እኔ በክፋት አላየውም። እናቱ ዘይት መግዛት ያቃታት ልጅ ምን ያድርግ? ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ያ የዕጥፍ ልዩነት ዛሬ የለም፤ ጠቦ ነው ያለው። በትንሽ ልዩነት ደረሰኝ የሌለው፣ የምትከሱበት የሌለው መንገድ ውስጥ መግባት ያዋጣል ወይ? «ሰውዬው ስልኩን ዘጋብኝ» እያለ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያለቀሰ ወጣት አይቻለሁ፤ እኔም ልረዳው አልቻልኩም፣ ፖሊስ ጋም ሄዶ ምን ብሎ ይናገራል? ሁለተኛ፣ እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ መሥራት የፌዴራል ወንጀል ነው፣ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። «ለወዳጆቼ ብቻ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ለመቶ ሰው ሲያደርገው ሥራ ሆነ ማለት ነው። ይሄን የሚያደርግ ዘመድ ካላችሁ ንገሩት።

የሚገርመኝ ነገር ልንገራችሁ። የኛ ሰው ድሮ ጀምሮ «አንተ እዚያ ለእናቴ ስጥልኝ፣ እኔ እዚህ ለልጅህ እሰጣለሁ» ይባባላል። ብሩ ባሕር አልተሻገረም፣ ዶላሩም አልተሻገረም፤ ሁለቱም ባሉበት ሆነው እጅ ተቀያየሩ። ለንደን የሚኖሩ ሁለት የኤስቶኒያ ሰዎችም ይህንኑ አድርገዋል። አንደኛው፣ ታቬት ሂንሪኩስ፣ ደመወዙን በዩሮ ያገኝ ነበር፣ ኑሮው ግን በፓውንድ። ሁለተኛው፣ ክሪስቶ ካርማን፣ በፓውንድ እየተከፈለው አገሩ ያለውን የቤት ዕዳ በዩሮ ይከፍላል። ሁለቱም ባንካቸው ሲመነዝርላቸው እየተቆረጠባቸው ተማረሩ። ከዚያ በየወሩ የገበያውን መሃል ዋጋ አይተው አንዱ ለሌላው ፓውንዱን እዚያው ለንደን ያስገባለታል፣ ሌላው ዩሮውን ኤስቶኒያ ያስገባለታል። በፈረንጆች በ2011 ይህን ወደ ድርጅትነት ለወጡት፤ ዛሬ ዋይዝ የሚባለው እሱ ነው። ፈቃድ አወጡ፣ ደረሰኝ ሰጡ፣ ዋጋውን ፊት ለፊት ጻፉ። ሐሳቡ የኛዎቹ አባቶች ቡና ላይ ተቀምጠው ያደረጉት ነው።

ይሄን ያነሳሁት አንድ ነገር እንድታዩ ነው። ከዚህ 200 ዶላር ስትልኩ ያ ዶላር በአውሮፕላን አይሄድም። ላኪው ድርጅት አዲስ አበባ ካለ ባንክ ጋር ውል አለው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ገንዘብ አስቀምጧል። የሚሄደው መልእክት ነው፣ «ለእገሊት ይህን ያህል ስጧት» የሚል። ሂሳቡን ድርጅቶቹ በኋላ እርስ በርስ ይተሳሰባሉ። በደቂቃ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ታዲያ መልእክት መላክ ይህን ያህል ይወደዳል ወይ? የዓለም ባንክ እንደሚለው 200 ዶላር ለመላክ በዓለም ላይ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይቆረጣል። ወደ እኛ አካባቢ፣ ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ፣ ከ8 በመቶ በላይ ነው፣ ከሁሉም ክፍለ ዓለም ውዱ። የተባበሩት መንግሥታት በፈረንጆች 2030 ከ3 በመቶ በታች ይውረድ ብሎ ወስኗል። እኛ ግን 2030ን መጠበቅ አያስፈልገንም፤ እንደ ቅድሙ ምሳሌ ሁለተኛው ላኪ 3 በመቶ የማይሞላ የሚቆርጥ ዛሬም አለ።

ከኪሳችሁ በምን እንደምትከፍሉም ለውጥ ያመጣል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየርስ ቼክ (ባንኩ ራሱ በሚጽፈው ቼክ) ለሚላክ 1 በመቶ ግብር አለ። ከባንክ ሂሳብ ወይም እዚህ አገር ከወጣ ዴቢትና ክሬዲት ካርድ ለሚላክ የለም። እነዚያ ነጭ ፖስታ ይዘው የሚመጡት እናት ዛሬም በጥሬው ቢልኩ ከ200ው ላይ 2 ዶላር ይጨመርባቸዋል። ስለዚህ ለእናቶቻችሁ የዴቢት ካርድ አጠቃቀም አስተምሯቸው። ክሬዲት ካርድ ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ባንክ ገንዘብ መላክን ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ይቆጥረዋል፣ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ ስትልኩ ይዘገያል፣ ሁለት ሦስት ቀንም ይፈጃል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ለፋሲካ የምትልኩትን ለስቅለት አታድርሱት። በዓል ሲመጣ ሰው ይጣደፋል፣ የተጣደፈ ሰው አያወዳድርም።

ቤት ለሚገዙ፣ ትልቅ ገንዘብ ለሚልኩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በባንክ ዋየር፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ፣ ስትልኩ ኮሚሽኑ 30፣ 40 ዶላር ሊሆን ይችላል፣ በመሃል ያለ ሌላ ባንክም የራሱን ሊቆርጥ ይችላል። ለ200 ዶላር ይሄ እብደት ነው። ለ20,000 ዶላር ግን ኮሚሽኑን እርሱት። እዚያ 1 ብር የምንዛሬ ልዩነት 20,000 ብር ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ባንክ ደውላችሁ የዕለቱን የግዢ ዋጋቸውን ጠይቁ፤ ለዚያ ስልክ የምታወጡት አንድ ሰዓት አያስቆጭም።

እህቶቻችሁ ሪያድ ወይም ዱባይ ላሉ አንድ ቀላል ነገር ልንገራችሁ፣ ዛሬ ማታውኑ በስልክ አስተላልፉላቸው። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር የተቆራኘ ነው፤ በፈረንጆች ከ1986 ጀምሮ 1 ዶላር 3.75 ሪያል ነው፣ አይወጣም አይወርድም። የኤምሬትስ ድርሃምም እንዲሁ፣ 3.6725። ስለዚህ የዶላሩን ዋጋ ካወቀች የሪያሉን ታውቃለች። ዶላር 150 ብር ቢሆን 1 ሪያል ልክ 40 ብር ነው። ላኪው 37 ብር እሰጥሻለሁ ካላት ከእያንዳንዱ 1,000 ሪያል 3,000 ብር እየቀረባት ነው። አሠሪዋ ቤት በወር 1,000 ሪያል ለምታገኝ ልጅ ይሄ ቁጥር ቀላል አይደለም። ወጥታ ለማወዳደር ዕረፍት የሌላት አለች፤ እሷን እናንተ እዚህ ሆናችሁ በስልክ አወዳድሩላት።

ወደ ጥያቄዎቹ ልሂድ።

አንዲት እህት «ሁለት ጊዜ ልኬ ሁለቴም እናቴን ባንኩ መለሳቸው፣ ስሙ አይገጥምም ብሎ» አለች። ይሄ እንደ ምንዛሬው ሁሉ ዋጋ አለው፤ አንዲት እናት ከገጠር ከተማ ድረስ በታክሲ ሄደው ባዶ እጅ ሲመለሱ የጠፋው ቀንና የትራንስፖርት ብር ነው። ምክንያቱ ፊደሉ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» ጀምሮ ይጽፋል፣ ሌላው በ«ኤስ»። መታወቂያው ላይ መጨረሻው በ«ዋይ» ከሆነ እናንተ በ«አይ» ከጻፋችሁ ካሸሩ አይከፍልም፣ ቢከፍልም ጥፋቱ በሱ ላይ ስለሚመጣ አይፈረድበትም። መታወቂያቸውን ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። የአባትም የአያትም ስም እንዳለ፣ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ገልብጡት። አሁን የፋይዳ መታወቂያ ያላቸው ላይ ይሄ ቀሏል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል።

አንድ ወንድም «ወደ ሂሳብ መላክ ይሻላል ወይስ በኮድ ጥሬ ብር እንዲወስዱ?» አለ። ሂሳብ ወይም ቴሌብር ያላቸው ከሆነ ወደዚያ ይሻላል። ሰልፍ የለም፣ መንገድ ላይ ብር ይዞ መሄድ የለም፣ ኮዱን ለማንም መንገር የለም። በኮድ ከላካችሁ ግን ኮዱን ከተቀባዩ በቀር ለማንም አትስጡ፤ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ኮዱን ንገሪኝ» የሚል ካለ ባንክ አይደለም፣ ሌባ ነው። ይሄን ለእናቶቻችሁ ደግማችሁ ንገሯቸው፤ እነሱ «ባንክ» ሲባል ያምናሉ።

«ብሩ እየወረደ ስለሆነ ብጠብቅ አይሻልም?» ያለች ልጅም ነበረች። ለቤት ኪራይ፣ ለመድኃኒት፣ ለትምህርት ቤት ከሆነ አትጠብቂ። ብር ሲወርድ ዕቃውም ይወደዳል፣ ቆይተሽ የምታገኚውን ጭማሪ ገበያው ይበላዋል፣ በመሃል እናትሽ ተበድረው ይቆያሉ። ለቁጠባ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ዶላሩን እዚህ ሂሳብሽ ውስጥ አቆይተሽ በሚያስፈልግሽ ቀን መላክ ትችያለሽ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ነግረሽን የትኛው እንደሚረክስ ስሙን ለምን አትነግሪንም?» አሉ። «አባባ፣ ዛሬ የምነግርዎት ነገ ሊለወጥ ይችላል» አልኳቸው። «ሌላው ደግሞ አንዳንዱ አፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚልክ ሰው ጥሩ ምንዛሬ ሰጥቶ በሁለተኛው ጊዜ ይቀንሳል። አብረን እንየው።» ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ፣ አጠገባቸው የተቀመጡ ሁለት ልጆችም የራሳቸውን አወጡ። ሦስት ላኪ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ እኩል 150 ዶላር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚባለውን ቅናሽ ትተን መደበኛውን ዋጋ አነበብን። ልጆቹ ቁጥሩን ጮክ ብለው ጠሩ፣ አባባ በእስክሪብቶ በእጃቸው መዳፍ ላይ ጻፉ። በትልቁና በትንሹ መካከል ከ500 ብር በላይ ልዩነት ነበር። ሁልጊዜ የሚልኩበት መሃል ላይ ነበር የወጣው።

ጎንደር ላለች እህታቸው ነው የሚልኩት። የሂሳብ ቁጥሯ በወረቀት ተጽፎ በኪስ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር፣ ወረቀቱ ተጣጥፎ ጠርዙ ተበልቷል። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ፣ እኔም ሁለት ጊዜ መልሼ አነበብኩላቸው፣ ከዚያ በገዛ ጣታቸው ላኩ። ጎንደር ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እህትየው ሲነሱ መልእክቱን ያገኙታል።